ውሉ ያለቀበት ተጫዋች

ድሮ ኳስ ገዋኔ የሚደርሰው በጅቡቲ መንገድ ነበር። የተሳቢ ሾፌሮች ከአዲስ አበባ ሲወርዱ የእሁዱን ውጤት ይዘው ይወርዳሉ። ሙቀቱ በረድ ሲል ሻይ ቤቱ በራፍ ላይ ሬዲዮኑን ከበን እንቀመጣለን፤ ባትሪው ደክሞ ድምፁ ሲሰልል ጆሯችንን እንለጥፍበታለን። የመብራት ኃይልን አሰላለፍ ከበረኛው እስከ አጥቂው በቃላችን እንወጣው ነበር። ዓመት ቢመጣ ዓመት ቢሄድ ስሞቹ ያው ናቸው።

ዛሬ ውጤቱ በስልክ ይደርሳል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ወሬው ሁሉ ዝውውር ነው። ውል ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው፤ ሲያልቅ ተጫዋቹ ከፈለገው ክለብ ጋር ይፈርማል። ዓምና የጮህንለት ልጅ ዘንድሮ በተጋጣሚያችን ማልያ ይመጣብናል።

ድሮ ግን መቻል የሠራዊቱ፣ ኦሜድላ የፖሊሱ፣ መብራት ኃይል የመብራት ሠራተኛው ቡድን ነበር። ተጫዋቹ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነው። እግሩ ሲደክም ኳስ ያቆማል እንጂ እንጀራው አይቋረጥም፤ ሥራው ይጠብቀዋል። ይህን ሳስታውስ ልቤ ይሞቃል። ግን ሌላ ክለብ ቢፈልገው፣ የያዘው ክለብ መልቀቂያ ካልሰጠው የትም አይሄድም። እኛ ታማኝነት እያልን የምናወድሰው ነገር ለብዙዎቹ ምርጫ ማጣት ነበር።

አውሮፓም ይህን ማሰሪያ የፈታችው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ ቤልጅየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ከስሶ፣ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ ይሂድ ተብሎ ሲፈረድ። የጃፓን ቤዝቦል ተጫዋች ግን ዛሬም በራሱ ፈቃድ ወደ ውጭ ሊግ ለመሄድ ዘጠኝ የውድድር ዓመት ማገልገል አለበት።

የእኛው ተጫዋች ያን ያህል አይጠብቅም። የክለቦች ፉክክር ደሞዙን ስላናረው የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦች በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የወር ጣሪያው 50 ሺህ ብር እንዲሆን ወስነው ነበር። በድሮው መሥሪያ ቤት ያልታሰበ ገንዘብ ነው፤ ቤተሰብ ያቋቁማል። በዚያው ልክ ደሞዙ ለወራት ሳይከፈለው የሚጫወት አለ። ጉልበቱ የተጎዳም ውሉ ባለቀ ማግስት ጠያቂ ያጣል፤ የሚመለስበት ወርክሾፕም ቢሮም የለውም።

ቢሆንም የመልቀቂያው ዘመን እንዲመለስ አልሻም፤ ሰው በእግሩ የራሱ ጌታ መሆን አለበት። ነገ የምትፈርሙ የአዋሽ ዳር ልጆች፣ የፊርማውን ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ስለ ጉዳትና ሕክምና የሚለውን አንቀጽ አንብቡ። ክለቦችም የፈረማችሁትን ደሞዝ በወሩ ክፈሉ።