«ለአባትህ እንዲህ በለው»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለ ጋብቻ ክብር ከመምህራኖቻችን ብዙ ተምራችኋል። እኔ ዛሬ ልጽፍላችሁ የወደድሁት ትዳሩ ከፈረሰ በኋላ በመካከል ስለሚቀረው ልጅ ነው። ያ ልጅ እኔ ነበርሁና።

ወላጆቼ ሲለያዩ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። እናቴ ከእኔ ጋር ይጁቤ ከተማ ቀረች፤ አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ያርስ ነበር። ቀለቤ ጥቂቱ በገንዘብ፣ አብዛኛው በጤፍ ይሰፈር ነበር። (በእኛ አገር ቀለብ የሚለው ቃል ገና የእህል ሽታ አለው።) አንድ ዓመት ጤፉ ዘገየ። እናቴ «ቀለቡን ሳያመጣ ልጁን አያይም» አለች፤ አባቴም «ልጄን ሳላይ አልሰፍርም» አለ። ማን እንደ ጀመረ ዛሬም አላውቅም፤ እያንዳንዳቸው ሌላው ነው ይላሉ።

መልእክተኛው እኔ ነበርሁ። በገበያ ቀን እናቴ ወደ አባቴ ትልከኛለች፤ ቃሏን አድርሼ ወዲያው እንድመለስ እንጂ አብሬው እንድቆይ አትፈቅድም። «መውለድ ብቻ አባት አያደርግም በለው» ትላለች። እኔ ግን «እማዬ ደብተሬ አልቋል ብላሃለች» እለዋለሁ። እርሱም «ልጄን የሸሸገች ቀለብ አትጠይቅ በላት» ይላል። እኔ ደግሞ «እህሉ ሲሸጥ እልካለሁ ብሏል» ብዬ እመለሳለሁ። ያስታረቅሁ መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን አባቴ ያልገባውን ቃል ስትጠብቅ ከረመች፤ ሳይመጣ ሲቀርም በጎረቤት ፊት «ዋሾ» አለችው። ዋሾው እኔ ነበርሁ።

ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ለንስሐ አባታችን ነገርኋቸው። እኔን አልገሠጹም፤ ሁለቱንም አስጠሩና «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ልጅ ቃል አይሸከምም» አሏቸው። ጤፉ በአጎቴ በኩል እንዲመጣ፣ እኔም በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ ከአባቴ ጋር እንድውል ተስማሙ። ጤፉ በዘገየበት ሳምንት እንኳ ሰንበቱ አልቀረብኝም።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 21 አብርሃም አጋርንና ልጇን ሲያሰናብት የሰጣቸው እንጀራና አንድ አቁማዳ ውኃ ነበር። ውኃው በበረሃ አለቀ። ልጁ ከቁጥቋጦ ሥር ሲጣል እግዚአብሔር የልጁን ድምፅ እንደ ሰማ ተጽፏል። የሣራና የአጋር ክርክር በዚያ ቦታ አልተነሣም። ይህን ምዕራፍ ባነበብሁ ቁጥር የሚቆመኝ እዚህ ላይ ነው።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (ክልላችንም በ1995 ዓ.ም. የራሱን አውጥቷል) በአንቀጽ 113 ፍርድ ቤት ፍቺን ሲወስን ስለ ልጆች አጠባበቅ፣ ትምህርት፣ ጤንነትና ቀለብ፣ እንዲሁም ወላጆችና ልጆች እርስ በርስ ስለሚጠያየቁበት መብት እንዲወስን ያዛል። እርስ በርስ የሚለውን ልብ በሉ፤ መጠየቁ የልጁም መብት ነው። ስለዚህ ቀለብ የማያ ክፍያ አይደለም፤ ልጁም የቀለብ መያዣ አይደለም።

አዝመራ የከፋበት ወይም ሥራ ያጣ አባት ዝም ብሎ ከሚያቋርጥ፣ ሁኔታው ስለ ተለወጠ ውሳኔው እንደገና እንዲታይለት ፍርድ ቤትን ይጠይቅ። ልጄ ከአባቱ ዘንድ ይደበደባል ብላ የምትሰጋ እናትም እንዲሁ ለዳኛው ትንገር፤ ይህ ስጋት በሽምግልና ተሸፋፍኖ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ገንዘቡን በባንክ አስገቡ፣ ደረሰኙን አስቀምጡ፤ እህልም ከሆነ በሰው ፊት ይሰፈር። እንደ እኔ በመካከል የቆማችሁ ታናናሾቼ ደግሞ «ለአባትህ እንዲህ በለው» ስትባሉ፣ «እማዬ፣ አንቺው ንገሪው» ማለት ድፍረት አይምሰላችሁ።

አሁን ደብረ ማርቆስ እማራለሁ። ለበዓል ስመጣ አባቴን ጠይቄ ወደ እናቴ እገባለሁ። ቡናውን እየቀዳች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ደኅና ነው?» ትለኛለች። ደኅና ከሆነ ደኅና ነው እላታለሁ፤ ከታመመም ታሟል እላታለሁ። ከራሴ የምጨምረው የለም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር