የኦዴሳ ደረጃ፤ ዓይን ስለሚያየውና ልብ ስለሚያምነው

አባቶቻችን ከመስማት ማየት ይበልጣል ብለው አስተምረውናል። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዓይንም ያለ ፍርድ ከተተወ እንደ ጆሮ ሊሳሳት እንደሚችል የሚያስረዳ አንድ ሥፍራ አለ። እርሱም በዩክሬን አገር፥ በጥቍር ባሕር ዳር፥ በኦዴሳ ከተማ የሚገኘው ትልቁ የድንጋይ ደረጃ ነው። ይህን ደረጃ በእግሩ ያልረገጠው ብዙ ሰው በሲኒማ አይቶት ያውቀዋል፤ ካዩትም ብዙዎቹ ፊልሙ የሚያሳየው እልቂት በዚያው እንደ ተፈጸመ አድርገው ያምናሉ። እኛም ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምናቀርበው የዚህን ደረጃ ታሪክ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኦዴሳ በ1794 ዓ.ም. በመስኮብ ንግሥት በዳግማዊት ካትሪን ትእዛዝ የተቈረቈረች ከተማ ናት። የተሠራችውም ከባሕሩ በላይ በሚገኝ ከፍተኛ ሥፍራ ስለ ሆነ፥ በመጀመሪያው ዘመን መርከብ ከሚያርፍበት ወደብ ወደ ከተማ የሚወጣ ሰው በጠመዝማዛ መንገድና በእንጨት መወጣጫ ይደክም ነበር። ከ1803 እስከ 1814 ዓ.ም. ከተማዪቱን ያስተዳደረ ዱክ ደ ሪሽልዩ የተባለ ፈረንሳዊ መስፍን ነበረ፤ ኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን በቅቷል። በ1828 ዓ.ም. ሐውልቱ በከፍታው ጫፍ ላይ ቆመለት። እንደ ጥንት ሮማውያን መጐናጸፊያ ለብሶ ፊቱን ወደ ባሕሩ አድርጎ ቆሞ ይታያል።

ከዚህ ሐውልት እግር ሥር ተነሥቶ እስከ ወደቡ የሚወርደው ደረጃ ፍራንቼስኮ ቦፎ በተባለ የሕንፃ ሊቅ ተነድፎ ከ1837 እስከ 1841 ዓ.ም. ተሠራ። ድንጋዩ በመርከብ ተጭኖ የመጣው ከትሪየስቴ ወደብ ነበር። ዳሩ ግን ለስላሳ ድንጋይ ስለ ነበረ ዝናብና ውርጭ እየበላው ሄደ፤ በ1933 ዓ.ም. በእርሱ ምትክ የሚጸና የግራኒት ድንጋይ ተተካበት። በመጀመሪያ የደረጃው ቍጥር 200 ነበረ፤ ወደቡ ሲሰፋ 8ቱ ከታች ስለ ተቀበሩ ዛሬ የሚቈጠረው 192 ነው። በየመካከሉም 10 ሰፋፊ ማረፊያዎች አሉት። ከፍታው 27 ሜትር፥ ርዝመቱ 142 ሜትር ነው።

የዚህ ሥራ ጥበብ ግን በብዛቱ አይደለም፤ ዓይንን በሚያታልልበት ስልት ነው እንጂ። ስፋቱ ከላይ 13 ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከታች ከ21 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ከወደቡ ቆሞ ሽቅብ ለሚመለከት ሰው ደረጃው እየጠበበ ስለሚሄድ ከእውነተኛው ርዝመቱ እጅግ የረዘመ መስሎ ይታየዋል። ማረፊያዎቹም ከዓይኑ ይሰወራሉ፤ ያለ ዕረፍት እስከ ሰማይ የተደረደረ የድንጋይ ተራራ ብቻ ያያል። ወደ ላይ ወጥቶ፥ ከዱኩ ሐውልት አጠገብ ቆሞ ቍልቍል ቢመለከት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አሁን ደረጃዎቹ ይጠፉና ማረፊያዎቹ ብቻ ይታያሉ፤ ግራና ቀኙም ከላይ እስከ ታች አንድ ስፋት ያለው ይመስለዋል። እንግዲህ በአንድ ደረጃ ላይ፥ የሚወጣው ሰው ድካምን ብቻ፥ ከላይ የቆመው ሰው ዕረፍትን ብቻ ያያል። በከፍተኛ ሥፍራ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ይህን ነገር ቢያስበው አይከፋም እንላለን።

ወደ ደሙ ታሪክ እንመለስ። በሰኔ 1905 ዓ.ም. ፖተምኪን በሚባለው የመስኮብ የጦር መርከብ ላይ ትል የወረሰው ሥጋ ለባሕረኞቹ ምግብ ቀረበ። ባሕረኞቹ አንበላም አሉ፤ ከጠቡም የተነሣ ዐመፅ ሆነ። ቫኩሊንቹክ የተባለው ባሕረኛ ተተኵሶበት ሞተ፤ ብዙዎች መኰንኖችም ተገደሉ። መርከቡ ወደ ኦዴሳ መጥቶ የቫኩሊንቹክ ሬሳ ወደ ወደቡ በወረደ ጊዜ ሕዝቡ ሊያየው ተሰበሰበ። ሌሊትም በወደቡ ዘረፋና ቃጠሎ ተነሣ፤ ወታደሮችም ሥፍራውን ከበው በሕዝቡ ላይ ተኰሱ። በዚያች ሌሊት እጅግ ብዙ ሰው አለቀ።

ከ20 ዓመት በኋላ፥ በ1925 ዓ.ም.፥ የሶቪየት መንግሥት ለዚህ ዐመፅ መታሰቢያ የሚሆን ፊልም እንዲሠራ ሰርጌይ አይዘንስታይን ለሚባል የ27 ዓመት ጐልማሳ አዘዘ። በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ስለ ደረጃው የተለየ ነገር አልነበረም። ይህ ሰው ግን ኦዴሳ ደርሶ ደረጃውን ባየ ጊዜ፥ በሌሊት በወደቡ ጨለማ የሆነውን እልቂት በቀን ብርሃን ወደ ደረጃው አወጣው። ነጭ የለበሱ ወታደሮች ተሰልፈው፥ እግራቸውን አስተካክለው ይወርዳሉ፤ ሕዝቡ ከፊታቸው ይሸሻል። አንዲት እናት የቈሰለ ልጅዋን ታቅፋ፥ ሌላው ሁሉ ሲወርድ እርስዋ ብቻዋን ወደ ጠመንጃው ትወጣለች። ሌላይቱ እናት ተመትታ ስትወድቅ፥ ሕፃንዋ የተኛበት ጋሪ ከእጅዋ አምልጦ በደረጃው ላይ ቍልቍል ይንከባለላል። ወታደሮቹ ይወርዳሉ፥ ይወርዳሉ፤ ደረጃው ግን አያልቅም። ቦፎ በድንጋይ ያስረዘመውን ደረጃ አይዘንስታይን በመቀስና በፊልም ደግሞ አስረዘመው።

ፊልሙ በታኅሣሥ 1925 ዓ.ም. በሞስኮ ታየ፤ ወዲያውም መንግሥታት ይፈሩት ጀመር። በእንግሊዝ አገር እስከ 1954 ዓ.ም. ድረስ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ ተከልክሎ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ የሂትለር የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ጎብልስ የጀርመንን ፊልም ሠሪዎች ሰብስቦ፥ የጠላቱ ሥራ የሆነውን ይህንኑ ፊልም በአድናቆት እንደ ምሳሌ አነሣላቸው። የሚያስደነግጠው ነገር ይህ ነው፤ የተገፉትን ሰዎች መከራ ለመናገር የተሠራውን ጥበብ፥ ሌሎችን ለመግፋት ያሰበው ሰው ለራሱ ተመኘው።

ከዚያ ወዲህ የጋሪው ነገር በዓለም ሲኒማ ሁሉ ተዛመተ። ኢጣሊያኖች በ1976 ዓ.ም. በፋንቶዚ አስቂኝ ፊልም ቀለዱበት፤ አሜሪካዊው ብራያን ደ ፓልማ በ1987 ዓ.ም. ወደ ቺካጎ የባቡር ጣቢያ ወስዶ የወንበዴዎች ተኵስ ውስጥ አገባው። ፍራንሲስ ቤከን የተባለው ሠዓሊም በደረጃው ላይ የምትጮኸውን፥ መነጽርዋ የተሰበረውን ሴት በ1957 ዓ.ም. በቀለም ሣላት። ደረጃው ራሱ በ1955 ዓ.ም. በመርከቡ ስም ፖተምኪን ተባለ፤ ዩክሬን ነጻ ከወጣች በኋላ የቀድሞው የባሕር ዳርቻ ስሙ ቢመለስለትም ሰው ዛሬም ፖተምኪን ይለዋል። እንዲህ ሆኖ ድንጋዩ ስሙን ከፊልም ተቀበለ።

ታዲያ አይዘንስታይን ዋሽቷልን? ወደቡ ላይ ሕዝብ መሞቱ እውነት ነው፤ ፊልሙ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ያን ሌሊት የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ይሆን ነበር። ሆኖም በወደቡ የሞቱት ሰዎች፥ መታሰቢያቸው ራሱ ሸፈናቸው፤ ጐብኚው ከደረጃው ላይ ቆሞ ጋሪውን ይፈልጋል እንጂ እነርሱ ወደ ወደቁበት ወደብ አይመለከትም። ለእውነት የቆመ ሥዕልም እንኳ የእውነትን ቦታ ሊወስድ ይችላል ማለታችን ስለዚህ ነው።

በ2022 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ የዱኩ ሐውልት በአሸዋ ከረጢት ተሸፈነ። በጥር 2023 ዓ.ም. ደግሞ የኦዴሳ አሮጌው ከተማ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፥ በዚያው ቀን ጥፋት ከሚያሰጋቸው ቅርሶች ዝርዝር ገባ።

ዛሬ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለማየት ሲኒማ ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ በየቤቱ፥ ይልቁንም በየልጁ እጅ ገብቷል። ልጅ የሚያለቅስ ሰው በሥዕል ሲያይ አብሮ ቢያዝን ልቡ መልካም መሆኑን ያሳያልና አይከልከል። ነገር ግን እንባውን ከጠረገ በኋላ «ይህ ነገር የት ሆነ? መቼ ሆነ? ከላይ ሆኖ የሚያየውስ ማን ነው? ከታች ሆኖ የሚያየውስ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማስተማር የወላጅ ፈንታ ነው። ዓይን ያያል፥ ልብ ይፈርዳል፤ የኦዴሳን ደረጃ በሙሉ ያየ የሚባለውም ወጥቶ የወረደው ብቻ ነው።