የተቃጠለው ታችፓዱ አይደለም

ስለ ዲጂታል ኢትዮጵያ ያልተባለ ነገር የለም። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ጸደቀ። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በሐምሌ 2016 ይፋ ሆነ። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከ2015 ጀምሮ በኮምፒውተር ይሰጣል፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም ከ2016 ወዲህ በከፊል ወደ ኦንላይን ገብቷል። መንገዱ የማይቀር ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ክርክሩ ማሽኑ ላይ ነው። ኮድ አጻጻፍ የሚያስተምር ሞልቷል፤ ላፕቶፕ ሲያምፅ ቤት ውስጥ ምን እንደሚደረግ የሚያስተምር ግን የለም ማለት ይቻላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ላፕቶፕ ደግሞ ከነመለዋወጫው ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ትናንት «አርጅቷል፣ ሌላ ይገዛል» ይባል የነበረው ማሽን ዛሬ እንደ ጥማድ በሬ የሚጠበቅ ንብረት ሆኗል።

ከሆሳዕና ወጣ ብሎ፣ ሌሞ ወረዳ ውስጥ፣ የአንዲት ተመራቂ ተማሪ ላፕቶፕ የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። የላከላት ታላቅ ወንድሟ ነው። (በሀዲያና በከምባታ ወደዚያ የሄደ ዘመድ የሌለው ቤት መፈለግ አድካሚ ነው። የዚያ ጉዞ ዋጋ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አይነሳም።) የመውጫ ፈተናው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ታችፓዱ አመል አወጣ። መጀመሪያ ቀስቷ ያለ ትእዛዝ ስክሪኑ ላይ ትዘል ጀመር። ቀጥሎ ደግሞ ታችፓዱ ሲጫኑት እንደ ድንጋይ ደርቆ ጠቅ ማለት እምቢ አለ። ፈተናው የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ቢሆንም፣ የአራት ዓመት ማስታወሻዋና የመለማመጃ ጥያቄዎቿ ሁሉ እዚህ ማሽን ውስጥ ናቸው።

ከተማ ወስዳ ያሳየችው ባለሙያ ለሁለት ደቂቃ ያህል ነካክቶ «እህቴ፣ ታችፓዱ ተቃጥሏል፤ መቀየር አለበት» አላት። ዕቃው ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ። የተጠራው ዋጋ አባቷ ለወሩ ከያዙት ገንዘብ በላይ ነበር።

ታችፓዱ ግን አልተቃጠለም።

ይህን ለመረዳት ታችፓድ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ጆርጅ ገርፋይድ የተባለ አሜሪካዊ በ1980ዎቹ መጨረሻ የፈለሰፈውና አፕል እ.ኤ.አ. በ1994 በፓወርቡክ 500 ላፕቶፖቹ ላይ የገጠመው ይህ ነገር የጣትን ግፊት አይለካም። ከላይኛው ሽፋን ሥር የተዘረጉ ስስ የብረት መስመሮች አሉ። የሰው ጣት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሲጠጋቸው በመስመሮቹ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ መጠን በጥቂቱ ይለወጣል፤ ማሽኑ ጣቱ የት እንዳለ የሚያውቀው ከዚህ ለውጥ ነው። ስለዚህ እርጥብ እጅ ያደናግረዋል። አተካና በልቶ በቅቤ እጁ የሚነካው ሰው ደግሞ ሊያማርር አይገባም። ላፕቶፑን አጥፍቶ፣ አልኮል በትንሹ በነካው ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ብቻውን ስንቱን ከጥገና ቤት ደጅ ይመልሳል።

ሌላው የተለመደ ችግር ታችፓዱ ሳይታወቅ መጥፋቱ ነው። በብዙ ላፕቶፖች ላይ «ኤፍኤን» ከሚለው ቁልፍ ጋር ከላይኛው ረድፍ የታችፓድ ሥዕል ያለበትን ቁልፍ አብሮ መጫን ያጠፋዋል፣ ያበራዋል። ሕፃን ልጅ ኪቦርድ ላይ እጁን ካሳረፈ በኋላ «ተበላሸ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። በአንዳንድ የኤችፒ ሞዴሎች የታችፓዱን የግራ የላይኛ ጥግ ሁለቴ መታ መታ ማድረግ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ማውስ ሲሰካ ታችፓዱን የሚያጠፋ ምርጫ አለ፤ ማውሱ ከተነቀለ በኋላም ነገሩ አንዳንዴ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የዊንዶውስ ቁልፍንና «አይ»ን አብሮ መጫን ሴቲንጉን ይከፍታል፤ ከዚያ በታብና በቀስት ቁልፎች ያለ ማውስ እስከ ታችፓድ ገጽ መድረስ ይቻላል።

ይህ ካልሠራ ማሽኑን ማጥፋት ሳይሆን «ሪስታርት» ማድረግ ነው። ልዩነት አለው። ዊንዶውስ 10ና 11 ቶሎ እንዲነሱ ሲባል በተለመደው «ሻት ዳውን» ሁሉን ነገር አያጠፉም፤ የተጣበቀው ስህተት እስከ ነገ ተኝቶ ሊነሳ ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣው ድራይቨሩ ነው። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብቶ ታችፓዱን «አንኢንስቶል» አድርጎ ሪስታርት ቢደረግ ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ይጭነዋል። አዲስ ድራይቨር ካስፈለገም ከማሽኑ አምራች ድረ ገጽ ይወሰድ። በየቴሌግራም ቻናሉ «ነፃ ድራይቨር» እየተባለ የሚበተነውን መጫን ግን ሌባን ቤት ጠብቅልኝ እንደማለት ነው።

ተማሪዋ ከዚህ አብዛኛውን ከጓደኞቿ ሰምታ ሞክራዋለች። አልሆነም። ነገሩን የፈታው ሠፈር ውስጥ ያለ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነው፤ መፍትሔውም ከጥያቄ ተጀመረ።

«ቻርጀሩን ስትነቅይው ቀስቷ ትዘላለች?»

«አይ ቲቸር፣ ስነቅለው ትተዋለች።»

መምህሩ ማሽኑን ትቶ ገመዱን አነሳ። የደቡብ አፍሪካ ሶኬት ሦስት ወፋፍራም ክብ እግር ያለው መሰኪያ ነው የሚቀበለው። እኛ አገር ግድግዳ ላይ አይገባም። ስለዚህ ከዚያ የመጣ ቻርጀር ሁሉ ወይ በአዳፕተር ይሰካል፣ ወይ ጫፉ ተቆርጦ ባለ ሁለት እግር መሰኪያ ይገጠምለታል። የዚህች ልጅ ገመድ ተቆርጦ ነበር። ሲቆረጥ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው ሦስተኛው ሽቦ ቦታ አጥቶ ተወረወረ። እሱ ደግሞ ኧርዝ ነው፣ ወደ መሬት የሚወስደው መስመር። ያለ እሱ ከቻርጀሩ የሚያፈተልክ ጥቂት ኤሌክትሪክ መሄጃ አጥቶ በላፕቶፑ አካል ላይ ይዞራል። የብረት ላፕቶፕ ያላቸው ሰዎች ቻርጅ ላይ እያለ ሲነኩት እንደ ጉንዳን የሚነዝራቸው ይኸው ነው። የጣትን ጥቂት ለውጥ ለመስማት ጆሮውን ያቆመ ታችፓድ በዚህ ጫጫታ መካከል ጣቱ የት እንዳለ ይጠፋበታል። ቀስቷም ትዘላለች።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከአንዲት ልጅ ቻርጀር ያልፋል። አዲስ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ገዝቶ መግጠም ቀላል ነው፤ የላፕቶፕ ቻርጀር የግድግዳ በኩል ገመዱ በአብዛኛው ተነቅሎ የሚቀየር ነው። ግን በስንት ቤት ነው ግድግዳው ውስጥ ኧርዝ የተዘረጋው? ከጎረቤት ቆጣሪ በሁለት ሽቦ ተስቦ መብራት የገባለት ቤት፣ ከዲቫይደር ዲቫይደር የተቀጠለበት ክፍል፣ ምንም ዓይነት ገመድ ቢገዛ ሦስተኛው ሽቦ የሚገናኘው ከባዶ ነው። መምህሩ ለጊዜው የሰጣት ምክር ታችፓዱን የምትጠቀመው ቻርጀሩ ሲነቀል ብቻ እንዲሆን ነበር።

ምክሩ ግን አንድ ደቂቃ አልቆየም። መምህሩ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው እንደ ሦስት እግር በርጩማ ተንገዳገደ። ጠረጴዛው ደህና ነው። ጎንበስ ብሎ ከጎን ሲያየው የታችፓዱ ጠርዝ በትንሹ ከፍ ብሏል፤ ከሥር ያለው ሽፋንም ሆዱ ተነፍቷል። ጠቅ ማለት ያቃተው በዚህ ምክንያት ነበር። በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ባትሪው የሚተኛው ከታችፓዱ ሥር ወይም ከጎኑ ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ፣ ሙቀት ሲበዛበት፣ ወይም ሲጎዳ በውስጡ ጋዝ ይፈጠርና ያብጣል። ያበጠው ባትሪ ታችፓዱን ከሥር ሲገፋው ቁልፉ የሚወርድበት ቦታ ያጣል።

ልጅቷ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ሌሊቶች «ይስተካከል ይሆናል» ብላ መጻሕፍት ጭናበት፣ ቻርጅ ላይ ትታው፣ አጠገቡ ተኝታለች። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ሲጨመቅ ወይም ሲበሳ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ እሳቱም በቀላሉ የሚጠፋ ዓይነት አይደለም። በሣር ክዳን ቤት ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሌሞ ሰው አይነገረውም።

የጥገና ባለሙያውን መውቀስ ይቀላል። ነገር ግን እሱም ያለ መለዋወጫ፣ ያለ መመሪያ፣ ቪዲዮ እያየ የተማረ ሰው ነው፤ የሚከፈለውም ለቀየረው ዕቃ እንጂ ለነገረው እውነት አይደለም። ቢሆንም ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማየት ገንዘብ አይጠይቅም ነበር።

ስለዚህ በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥገና ድንበሩ እዚህ ጋ ነው። መጥረግ፣ ቁልፉን መሞከር፣ ሴቲንጉን ማየት፣ ቻርጀሩን ነቅሎ መፈተሽ የማንም ሰው ሥራ ነው። እብጠት ከታየ ግን ማጥፋት፣ ከቻርጅ መንቀል፣ አለመጫን። በካቻቢቴ ሽፋኑን መፈልቀቅ፣ «ጋዙ ይውጣለት» ብሎ በመርፌ መብሳት (ይህን የሚመክሩ አሉ!) ፈጽሞ አይሞከርም። መምህሩም ራሱ አልከፈተውም። ባትሪ መፍታት የሚያውቅ ሌላ ሰው ዘንድ ተወስዶ ባትሪው ወጣ፤ ታችፓዱ በዚያው ቅጽበት ጠቅ አለ።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው የባትሪ ሕግ መሠረት ከየካቲት 2027 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚያ ገበያ የሚቀርቡ አነስተኛ ዕቃዎች ባትሪያቸው በተጠቃሚው በቀላሉ የሚወጣ መሆን አለበት። ሆሳዕናና ዱራሜ ከዓመታት በኋላ የሚደርሱት ያገለገሉ ላፕቶፖች ምናልባት ከእነዚህ ይሆናሉ። እስከዚያ ያለው በሙጫ የተጣበቀ ባትሪ ነው።

ልጅቷ አዲስ ባትሪ አልገዛችም፤ ገንዘቡ የለም። ማሽኑ ያለ ባትሪ በቻርጀር ብቻ ይነሳል፤ ሁሉም ላፕቶፕ እንዲህ አያደርግም፣ የእሷ ግን ያደርጋል። ቻርጀሩ ሁልጊዜ ስለሚሰካ ታችፓዱ አሁንም ይዘላል፤ ስለዚህ በተጠራው ዋጋ ጥቂቱ ባለ ገመድ ማውስ ገዝታለች። ማውስ የጣትን ኤሌክትሪክ ስለማይለካ ኧርዝ ኖረ አልኖረ አይገደውም። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ድርግም ይላል፤ ስለዚህ በየደቂቃው «ሴቭ» ማድረግ ለምዳለች።

የቀረው ባትሪው ነው። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ በ2010 ወጥቷል፤ ያበጠ ባትሪ በእጁ የያዘ የሌሞ ሰው ግን ለማን ያስረክብ? ጎረቤቶች መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት አሉ፤ አንዱ ይቃጠል አለ። አባቷ ሁለቱንም እምቢ ብለው በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አሸዋ ሞልተው ቀበሩትና ከቤቱና ከእንሰቱ ራቅ አድርገው ከአጥሩ ጥግ አስቀመጡት። እስካሁን እዚያው ነው።