እግሬ ሳይኖር "ፍሬን ረግጠሃል" ያለችኝ መኪና



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መኪና ነው። "ኡስታዝ ምን ነካው?" እንዳትሉኝ። ነገሩ ከአንድ ልጅ ጋር ያጣላኝ፣ መጨረሻ ላይም ያሳፈረኝ ስለሆነ ነው።

ሸይኻችን ልጃቸው ከዱባይ የላከላቸው ያገለገለች አውቶማቲክ መኪና አለቻቸው። የምነዳት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳማ ያሉ ታማሚ እህታቸውን ሊዘይሩ ይሄዳሉ። የቱሉ ዲምቱን ክፍያ ጣቢያ አልፈን ፍጥነቴ 90 ሲደርስ ክሩዝ ኮንትሮሉን እጫንና እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳለሁ። መኪናዋ ነዳጁን ራሷ እየጨመረችና እየቀነሰች በዚያው ፍጥነት ትሄዳለች። ቀኝ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ትልቅ እፎይታ ነበር። ሸይኻችንም መንገጫገጩ ስለሚቀርላቸው ደስ ይላቸዋል። ይህን ነገር የፈጠረው አሜሪካዊው ራልፍ ቲተር በ5 ዓመቱ በደረሰበት አደጋ ዓይነ ስውር የሆነ መሐንዲስ ነው። ሹፌር አንዴ ሲያፈጥን አንዴ ሲያዘገም ይረብሸው እንደነበር ይነገራል። የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው።

አንድ ቅዳሜ ቁልፉን ተጫንኩ፤ እምቢ አለ። አረንጓዴዋ የክሩዝ ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ ትበራለች፤ ፍጥነቱን ግን አይዝም። ደጋግሜ ሞከርኩ። ያው ነው። ጉልበቴን እያሸሁ ተመለስኩ።

እሑድ ጠዋት ደግሞ ባትሪው ሞቶ አገኘሁት። ጥርጣሬዬ በቀጥታ የሄደው መኪናዋን ወደሚያጥብልን ልጅ ነው። ዕድሜው 17 ነው፤ ከመግሪብ በኋላ ያለውን ደርስ ይከታተላል። ቅዳሜ ማታ ስንመለስ ሊያጥብ ቁልፉን ወስዶ ነበር። "ነሺዳ ስትሰማ አምሽተህ ባትሪውን ጨረስከው" አልኩት፤ ያውም ጓደኞቹ ፊት። "ወላሂ ኡስታዝ፣ ቴፑን አልነካሁም" አለ። አላመንኩትም። ቁልፉን ነጠቅኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደርስ ቀረ።

ሰኞ ጠዋትም ባትሪው ሞቶ አደረ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን "አንዴ አበላሽቶብኛል" አልኩና ማታ ማታ የባትሪውን ኬብል እየነቀልኩ ማሳደር ጀመርኩ።

ለክሩዙ አንድ ባለሙያ ጋ ወሰድኳት። "በመሪው ውስጥ የሚጠቀለለው ኬብል ተበጥሷል፤ መሪው ተፈትቶ ይቀየር" አለኝ። ዋጋው ከባድ ስለነበር ለሳምንት አቆየሁት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ከአዳማ ስንመለስ መሽቶ ነበር። ክፍያ ጣቢያው ጋ ስደርስ ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ የጎማ ጩኸት ሰማሁ። አንድ የጭነት መኪና ለጥቂት ስቶን አጠገባችን ቆመ። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጮኸብኝ፦ "የፍሬን መብራትህ ከአዳማ ጀምሮ እንደበራ ነው! መቼ እንደምትቆም በምን ልወቅ?"

ሸይኻችን ከኋላ ወንበር "ያ ረብ" ሲሉ ሰማኋቸው።

ዳር ይዤ ወረድኩ። መኪናዋ ውስጥ ፍሬን የረገጠ ሰው የለም፤ ከኋላ ግን መብራቱ ቦግ ብሏል። በስልኬ መብራት ፔዳሉ ስር ሳይ ምንጣፉ ላይ የተፈረካከሰ ፕላስቲክ አገኘሁ። የሁሉም ነገር መነሻ እሱ ነበር።

ከፍሬን ፔዳሉ በላይ አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ አለች። እንደ እስክሪብቶ ጫፍ የምትገፋ ዘንግ አላት። ፔዳሉ ሳይረገጥ ዘንጓን ገፍቶ ስለሚይዛት የኋላው መብራት ይጠፋል፤ ሲረገጥ ይለቃትና ይበራል። ዘንጓ የምታርፈው ፔዳሉ ቀዳዳ ላይ በተወተፈች፣ አዝራር በምታክል ፕላስቲክ ላይ ነው። ያቺ ፕላስቲክ በሙቀትና በዕድሜ ደርቃ ስትፈረካከስ ዘንጓ በባዶው ቀዳዳ ሾለከች። ከዚያ ወዲህ ለመኪናዋ ኮምፒውተር እግሬ ሁልጊዜ ፍሬን ላይ ነው። ፍሬን በተረገጠበት ደግሞ ክሩዝ እንዳይዝ ተደርጎ የተሠራው ለደህንነት ነው። ክሩዙ አልተበላሸም ነበር፤ የደረሰው ወሬ ነው ውሸት።

ባትሪውስ? የፍሬን መብራት ቁልፉ ተነቅሎም ይሠራል። የተለመደው አምፖል 21 ዋት ነው፤ ሁለቱ 42። ለ12 ቮልት ስናካፍለው 3.5 አምፔር ይሆናል። በ9 ሰዓት ሌሊት ከ31 አምፔር ሰዓት በላይ ይፈሳል። የትንሽ መኪና ባትሪ አዲስ ሆኖ እንኳ የሚይዘው 45 ገደማ ነው። መኪናዋ ሸራ ለብሳ፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ስለምታድር ማንም መብራቱን አላየም።

ሌላም ምልክት ነበር። ማርሹ ፍሬን ሳልረግጥ ከፒ መውጣት ጀምሮ ነበር። እኔ "ላላልኝ" ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር!

ጋራዥ ውስጥ ለጊዜው በቀዳዳው ቡሎን አስገብተው በዳዶ አሰሩልኝ፤ በማግስቱ ዋናዋን ፕላስቲክ ገዝተን ተከልን። ዋጋዋ ከአንድ ምሳ ያነሰ ነው።

መኪና የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ክሩዝ እምቢ ሲላችሁ መሪ ከማስፈታታችሁ በፊት እነዚህን እዩ፦

1. አንድ ሰው ከኋላ አቁማችሁ የፍሬኑን መብራት ሳትረግጡም ረግጣችሁም አስዩ። ሁልጊዜ ከበራ ወይም ጭራሽ ካልበራ ችግሩ እዚያው ነው፤ ሳይሠራ ረጅም መንገድ አትውጡ።
2. ከፔዳሉ ስር የፕላስቲክ ስብርባሪ ፈልጉ።
3. ፊውዞቹን እዩ።
4. ክላክሱ የሚጮህና የኤርባግ ምልክቱ የማይበራ ከሆነ የመሪው ኬብል የመበጠሱ ነገር ያጠራጥራል፤ በብዙ መኪኖች ሦስቱም የሚያልፉት በዚያው ነውና።
5. ብዙ መኪኖች ላይ ክሩዝ ከ40 ኪሎ ሜትር በታች አይዝም፤ እሱን ብልሽት እንዳትሉት።

የቀረኝ ልጁ ነበር። ለሸይኻችን ሁሉንም ነገርኳቸው። "የከሰስከው ሰው ፊት ነው፤ አውፍታውንም ሰው ፊት ጠይቅ" አሉኝ። ሰፈር ውስጥ ጎሚስታ ቤት ሲሠራ አገኘሁትና ደርስ እንዲመጣ ለመንኩት። መጣ። ጓደኞቹ ፊት "ዋሽተሃል ያልኩህ እኔ ተሳስቼ ነው፤ አውፍ በለኝ" አልኩት። ጎንበስ ብሎ ቆየና "ወላሂ ብዬህ ነበር እኮ፣ ኡስታዝ" አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም። ያቺ ቃል ከጭነት መኪናው ጩኸት በላይ አስደነገጠችኝ።

አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ቁልፉ እሱ ጋ ነው። አጥቦ ሲጨርስ ሸራውን ከማልበሱ በፊት ወደ ኋላ ዞሮ መብራቱን ያያል። እኔ አላዘዝኩትም።