ሐይቅ ሲሸሽ

አብያታ አካባቢ ያደገ ሰው ዛሬ ውሃው ዳር ለመድረስ በነጭ ጨዋማ መሬት ላይ ብዙ ይጓዛል። ልጅ ሳለ የሚያውቀው ዳርቻ ከኋላው ቀርቷል። "ሐይቅ ድሮም ይመጣል፣ ይሄዳል" ይሉታል። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት።

ስምጥ ሸለቆ መሬት ተሰንጥቆና ሰምጦ የፈጠረው ገንዳ ነው። ከ10,000 ዓመታት ገደማ በፊት ዝናቡ በርትቶ ሳለ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ሲሞላም ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ከ5,000 ዓመታት ገደማ በፊት ዝናቡ ሳሳ፤ ሐይቁም እየጎደለ ተከፋፈለ። የጥንቱ ዳርቻ ምልክት ዛሬም ከውሃው በላይ ከፍ ብሎ ይታያል።

ያ ለውጥ ግን ብዙ መቶ ዓመታት ፈጅቷል። አብያታ የሸሸው በአንድ ሰው ዕድሜ ነው። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣለት ውሃ ለመስኖ ተጠለፈ፤ ከራሱም ለሶዳ አሽ ምርት ተቀዳ። ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ውሃው ጥቂት ሲጎድል ዳርቻው ብዙ ይርቃል።

ዝናብን የሚያዝ የለም። የቡልቡላን ውሃ የሚከፋፈለው ግን ሰው ነው። እናም "ተፈጥሮ ነው" ተብሎ ከመታለፉ በፊት፣ ማን ምን ያህል እንደሚቀዳ ይጠየቅ።