የሕመምተኛን ፈቃድ ስለ መጠየቅ

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ልጆችን «እውነት ተናገሩ» እያልሁ ያስተማርሁ ሰው፥ በስተርጅናዬ ታላቅ እኅቴን ዋሸኋት። በጡቷ የነበረው ነቀርሳ፥ ዛሬ ካንሰር የምንለው፥ ወደ አከርካሪዋ ዘልቋልና ከእንግዲህ አይድንም ብለው ሐኪሞቹ ለእኔ ቢነግሩኝ፥ ለእርሷ «ሪህ ነው» ብዬ አለፍሁት።

ሌሊት ሕመሙ ሲነሣባት የጋቢዋን ጫፍ ነክሳ ታድር ነበር። እኔም በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መታገሥ የጨዋ ልጅ ምልክት ነው ተብዬ ያደግሁ ነኝና ዝምታዋን እንደ ጀግንነት ቈጠርሁት። እቤት እየመጣች የምትረዳን ሲስተር ሞርፊን የሚባለውን የሚጠጣ መድኃኒት ባመጣች ጊዜም፥ ሱስ ያስይዛታል ብዬ ተከራከርኋት። ለመሞት የተቃረበች ሴት፥ ሱስ እንዳይዛት!

ሲስተሯ ግን አልተቈጣችኝም። መድኃኒቱ በጥቂቱ ተጀምሮ፥ ሕመሙ እስኪመለስ ሳይጠበቅ፥ በየ4 ሰዓቱ እንደሚሰጥ፤ ሆድ ስለሚያደርቅም ማለስለሻ አብሮ እንደሚታዘዝ አስረዳችኝ። ይህ ሕክምና የተስፋፋው፥ አስቀድሞ ነርስ ኋላም ሐኪም የሆነችው እንግሊዛዊቱ ሲስሊ ሳውንደርስ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1967 በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከከፈተች ወዲህ ነው። በአገራችንም ሆስፒስ ኢትዮጵያ በዚያው በአውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ተመሥርቷል። ሳውንደርስ ታስተምር የነበረው፥ ሕመም በሥጋ ብቻ እንዳልሆነ፥ ፍርሃቱና የቤተ ሰቡ ጭንቀትም አብሮ እንደሚያም ነው።

እኅቴ ሌሊቱን መተኛት ከጀመረች በኋላ፥ አንድ ቀን ሲስተሯ ማናችንም ያልጠየቅናትን ጠየቀቻት።

«እማማ፥ የሚያስፈራዎት ምንድር ነው? ምንስ ቢደረግልዎ ይወዳሉ?»

«ነቀርሳው እንደ ተመለሰብኝ ዐውቃለሁ፤ ዝም ያልሁት ወንድሜ እንዳይጨነቅ ብዬ ነው። የምወደውማ፥ ደጅ ተቀምጬ ቡና በእጄ መቍላት ነው።»

እኔ አጥሚቱን ይዤ ከበሩ በስተኋላ ቆሜ እሰማ ነበር። ገባሁና እግሯ ሥር ተቀመጥሁ፤ የተባባልነውን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት ቈየች። ብዙውን ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ በርጩማዋን አውጥተን ቡናዋን ትቈላ ነበር፤ አንዳንዴ እጇ ይደክምና ያርባታል፥ እኔንም ለምን አላሳሰብኸኝም ብላ ትቈጣኛለች። እንደምን አደርሽ ባልኋት ቍጥር ግን መልሷ አንድ ነበር፤

«ሪሄ ዛሬ ቀለል ብሎኛል፥ መምህር» ትለኝና ትስቅብኛለች።