ከሰንጋ ተራ እስከ ስድስት ኪሎ፤ አንድ ቀን በአብያተ መዘክር

ሰንጋ ተራ ስሙ እንደሚመሰክረው የሰንጋ ገበያ ትዝታ ያለበት ሰፈር ነው። ዛሬ በአጠገቡ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውና ቁመቱ ከ200 ሜትር የሚበልጠው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ቆሟል። ሰንጋው ሄዷል፤ ስሙ ግን ቀርቷል። ስለዚህ ነገር ከተማሪዎቻችን ጋር ስንነጋገር፥ ያለፈው ነገር እንዴት እንደሚጠበቅ በዓይናቸው እንዲያዩ አንድ ቅዳሜ ቀን አብያተ መዘክርን ልናስጐበኛቸው ቈረጥን።

ጧት ልደታ ለማርያምን ተሳልመን በእግራችን ወደ ቸርችል ጎዳና አመራን፤ በመጀመሪያም ከዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ያለውን የፖስታ ቤተ መዘክር ጐበኘን። የፖስታ ሥራ በአገራችን የተቋቋመው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች የንጉሠ ነገሥቱ መልክና የአንበሳ ሥዕል ያለባቸው ሆነው በፓሪስ ታተሙ። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ከአውራ ጣት በማትበልጥ ወረቀት ላይ የአንድ መንግሥት ክብር ሊጻፍ መቻሉ ተማሪዎቹን አስደነቃቸው።

ከዚያ ዳገቱን ወጥተን አራዳ ጊዮርጊስ ደረስን። ይህ ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ከ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል በኋላ የታነፀ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚህ ነው። በቅጽሩ ባለው ቤተ መዘክር የንግሥ አልባሳትንና መስቀሎችን አየን።

ከቀትር በኋላ አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ገባን። በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችውን ድንቅነሽን ሊቃውንቱ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቈጥሯታል። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

በመጨረሻ የደረስነው ስድስት ኪሎ ነው። የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠ ሲሆን፥ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር በውስጡ ይገኛል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለውና የሕዝቡ እልቂት የተጀመረው በዚሁ ግቢ ነው። ይህን ነግረናቸው በጸጥታ ወደ ውስጥ ገባን፤ ቅዱሳት ሥዕላትን፥ መስቀሎችንና የብራና መጻሕፍትንም እየተዘዋወርን ተመለከትን።

እዚያ ሳለን አንዲት ታናሽ ተማሪ በመስታወት ውስጥ ያለውን አንድ ብራና እያየች፥ «መምህር፥ ይህን መጽሐፍ ይደግሙበት የነበሩት ሰው ማን ናቸው?» ብላ ጠየቀችን። የምንመልሰው አጣን፤ ዝምታችንም ባለማወቅ ብቻ አልነበረም።

በቤታችን የአያታችን የብራና ዳዊት ነበረ። በመጀመሪያው ቅጠል ላይ የአያታችንና የእናታቸው የክርስትና ስም በጸሎት እንዲታሰቡ ተጽፎበት ነበር። አያታችን ባረፉ ጊዜ ለተዝካራቸው ገንዘብ ቢያጥረን ለአንድ አሮጌ ዕቃ ገዢ በጥቂት ብር ሸጥነው። መዘክርም ተዝካርም «ዘከረ»፥ አሰበ ከሚለው ከአንዱ ግስ የወጡ ናቸው። እኛ ግን ለአንድ ቀን መታሰቢያ ስንል የዘመን መታሰቢያቸውን ሸጥን። ዛሬ ያ ዳዊት በአንድ ሩቅ አገር መስታወት ውስጥ ተቀምጦ ቢሆን እንኳ፥ እነዚያ ሁለት ስሞች የማን እንደ ሆኑ የሚነግር ማን አለ?

ስለዚህ ውድ አንባብያን፥ በየሣጥናችሁ ያለውን ብራናና መስቀል ሻጭ ለዋጭ ሳይደርስበት አስቡት። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፤ ነገር ግን ከአዋጁ አስቀድሞ የሚጠብቀው ቤተሰቡ ነው። የማን እንደ ነበረና ማን ይጸልይበት እንደ ነበረ ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩ። መጠበቅ ቢያቅታችሁም ለደብራችሁ አስረክቡ እንጂ ለገበያ አታውጡት።

ማታ ወደ ሰንጋ ተራ ስንመለስ ያች ተማሪ ወደ ቤቷ ከመግባቷ በፊት፥ «የሴት አያቴን ዳዊት ዛሬውኑ አይቼ በላዩ ያለውን ስም እጽፋለሁ» አለችን። እኛም ደስ ብሎን፥ ጥቂትም አዝነን አሰናበትናት።